ጣሊያኗና ጀርመኗ

ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን የጣሊያን መኪና ሚዛን ተፈሪ ላይ ምን ትሠራለች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አባቴ ዓባይነህ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ገዝቷት፣ ሊሞት ሲል «ይርዳው፣ አደራህን» ብሎ የተወልኝ ናት። ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ፣ መኻሏ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቅኋት። ዘንድሮ ግን ግቢዬ ለመንገድ ተፈለገና እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልቀቅ ተባልኩ። የት ላድርጋት? ፈላጊዎቿ ቁራሌዎች ብቻ ናቸው። የአባቴን አደራ ለቁራሌ? በቁሜ!

ደግነቱ ሔዋን ከአዲስ አበባ መጣች፤ አሮጌ መኪና እየሰበሰበች የምታድን ልጅ ናት። ችግሩ፣ የምትወስደው አንድ ብቻ ነው። ቴፒ ደግሞ የወዳጄ የሻሚል የጀርመን መኪና አለች፤ እሷም ሞተሯ መኻል ነው። ሔዋን ትናንት ሄዳ አይታታለች።

ስለዚያች መኪና ልንገራችሁ? ዶሮ ያድርባታል! ሻሚል ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ማንጎ ሥር ጥሏት፣ አንድ ቀን እንኳ አጥቧት አያውቅም። የኔዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ትታጠባለች፤ ቀይ ቀለሟ ፊት ያሳያል።

ሔዋን ማስታወሻዋን ገለጠች። «የጀርመኗ ሞተር በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ውሃ አይፈልግም። ኩርባ ላይም መንገዷን አትለቅም። የእርስዎ ግን ጋሼ፣ ድምፅዋ! መሪዋስ ቢሆን! እውነቱን ልንገርዎት? ልቤ እዚች ጋ ነው።»

ደስታዬን ልደብቅ ብዬ የተወለወለውን መስታወት ደግሜ ወለወልኩ።

ከዚያ መሬት ላይ ተኝታ ከሥር አየች። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የቡና ገለባ ነዋ! የኛ አገር ዝናብ አያባራም። ደጃችን ሲጨቀይ ገለባ እናፈስበታለን፣ ውሃውን ይመጥጠዋል። ለእሷም በየክረምቱ ከሥሯ እስከ ሆዷ እሞላላታለሁ።» በኩራት ነው የነገርኳት፤ አይ የኔ ነገር!

ካቻቢቴ አንሥታ በሹል ጫፉ በሩ ሥር ያለውን ብረት ነካ አደረገችው። እስከ እጀታው ገባ። ሌላ ቦታ ሞከረች፤ እዚያም ገባ። ወለሉ እንደ ራሰ ካርቶን ረገፈ።

«ገለባው የመጠጠውን ውሃ ይዞባት ነው የኖረው» አለች ቀስ ብላ። «የሚበየድ ጤነኛ ብረት እንኳ አልተረፈም። ጀርመኗን ከሥሯ ነፋስ ስለሚያገኛት ድናለች።»

«እኔ እኮ... በጆንያ ተሸክሜ ነው የማመጣላት» አልኩ። አፈር ልብላ! የሰውን መኪና ሁሉ ስጠግን ኖሬ፣ የራሴዋን ሆድ ገልጬ አላየሁም። ሻሚል ረሳት፣ ዳነችለት፤ እኔ በፍቅር ገደልኳት። ሔዋን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን አቀርቅራ የእጇን ዝገት አራገፈች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሞተር የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ የለም አሉኝ። ነገ ቴፒ መጥተው የሻሚልን ያስነሡልኝ ይሆን?»

እምቢ ልል ነበር። ግን አንዷ እንኳ ትትረፍ እንጂ! «እሺ» አልኩ።

በማግስቱ ጀርመኗ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ሻሚል እየዘለለ መጥቶ አቀፈኝ።

«ይርዴ፣ አላህ እጅህን ይባርከው!»

«አሜን» አልኩት። ምን እላለሁ?