በሁለት ወጣቶች ሞት ጉዳይ

ነገሳን ክፉ ሰው ነው ሊለው የሚችል የለም። የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበር፤ እንደ እሱ እጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው በየካ ምድር አላየሁም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ የነገሩትን ይጽፋል። የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱን ከወዲሁ ራሴ ላይ ላድርግና ልገላገል፤ ሌላው በኋላ የየድርሻውን ይወስዳል።

በ1975 ዓ.ም. ከኮተቤ መንገድ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ አርባ አንድ፣ ባል የለኝም፣ ምላሴ ደግሞ ስለት ነው። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «መርፌ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ የሺሃረግ ከሚለው ስሜ ይልቅ እሱን እወደው እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

በዚያ ዓመት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ጋር አንድ የድሮ የፈረንጅ ተውኔት እናነብ ነበር። ሁለት የተቃቃሩ ቤተሰቦች፣ ካንዱ ቤት ወንድ ልጅ፣ ከሌላው ሴት ልጅ። ይዋደዳሉ፣ ይደብቃሉ፣ መድረስ የነበረበት መልእክት በጊዜው ሳይደርስ ይቀራል፣ መጨረሻው ሁለት ሬሳ ነው። መጽሐፉን አጥፈን «እንግዲህ ማነው የገደላቸው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ባንድ አፍ «ፊውዳሊዝም» አለኝ። ያን ጊዜ ለማንኛውም ጥያቄ የማያስጠይቅ መልስ እሱ ነበር። ዝናብ ቢዘገይም ፊውዳሊዝም፣ አውቶቡስ ቢዘገይም ፊውዳሊዝም።

ሁለት ልጆች ብቻ አልመለሱም። ሸሪፍ ነጅመዲን በመስኮቱ እንጦጦን ያያል። አስቴር ኤጀታ ደብተሯን ታያለች።

የሸሪፍ አባት ጋሽ ነጅመዲን መንገድ ዳር ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። የአስቴር አባት አቶ ኤጀታ ከወለጋ የመጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቤታቸው መጋረጃ ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አላወቀም። የሁለቱ ሰዎች ቤት በአንዲት ጠባብ መንገድ ፊት ለፊት የሚተያይ ነው። ጠላቶች አልነበሩም። ኮፍያ አንስተው ሰላምታ የሚለዋወጡ፣ ከሰላምታው በላይ ግን አንዲት ቃል የማይጨምሩ፣ እጅግ ተከባብረው የሚፈራሩ ሰዎች ነበሩ።

ግንቦት ላይ አስቴር በእረፍት ሰዓት ብቻዬን አገኘችኝ። አባቷ ስለ ሸሪፍ ወሬ ደርሷቸዋል፤ ትምህርት እንደተዘጋ ነቀምቴ አጎቷ ዘንድ ሊልኳት ነው።

«ቲቸር፣ ከላኩኝ አልኖርም» አለችኝ።

«ስንቷ እንዲህ ብላ ሦስት ልጅ ወልዳለች» አልኳት።

«እኔ ከዚህ በፊት ብዬ አላውቅም።»

እውነቷን ነው፤ አስቴር የማታደርገውን የምትናገር ልጅ አይደለችም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የዋህነት ይሁን ቂልነት እናንተ ፍረዱ፤ ተውኔቱን በክፍል እንደገና ስናነብ የፍቅረኞቹን ቦታ ለሸሪፍና ለአስቴር ሰጠኋቸው፤ ከትምህርት በኋላ «ልምምድ» እያሉ ጎን ለጎን መቀመጥ ቻሉ። በተውኔቱ ውስጥ የልጆቹን ምስጢር ይዛ የምትዞር አንዲት አሮጊት አለች። ክፍል ውስጥ ሳሾፍባት ከርሜ፣ አንድ ቀን ከልምምድ ስመለስ ያቺ አሮጊት ማን እንደሆነች ገባኝ።

ወደ አባቶቹ ሄጄ በግልጽ ለምን አልነገርኳቸውም? ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። ይልቅ ብልጥ መሆን አማረኝ። በቀበሌው የእሑድ ስብሰባ ትምህርት ቤታችን አንድ ዝግጅት እንዲያቀርብ ታዞ ነበር። ስብሰባው ላይ ያልተገኘ ሰው የወሩን ስኳር ከኅብረት ሱቅ አያገኝም፤ ስለዚህ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ እንኳ ይመጣል። እንደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ አድርገን የተውኔቱን ሰዎች እንክሰሳቸው አልኩ፤ አባቶቹ፣ አሮጊቷ፣ የዘገየው መልእክተኛ፣ ሁሉም ይቅረቡ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሠረቀብርሃን ፍርዱ ከወዲሁ የታወቀ ስለመሰላቸው ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። የእኔ ሐሳብ ግን ሁለቱ አባቶች የሰው አባት ሲከሰስ ሰምተው ልባቸው እንዲራራ ነበር።

እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነገሳ ዘንድ ሄድኩና ለሁለቱ ጥሪ ጻፍልኝ አልኩት።

«ጉዳዩ ምን ልበል፣ እትዬ የሺሃረግ?»

«የሁለት ወጣቶች ሞት» አልኩት ኮራ ብዬ። «ኃላፊው ማን እንደሆነ ለማጣራት በል።»

ነገሳ የግብዣ ወረቀት አልነበረውም። ቀበሌ ሰው አይጋብዝም፤ ይጠራል። በእጁ ያለው የተባዛ የመጥሪያ ቅጽ ብቻ ነበር። በዚያው ላይ በዚያ በሚያምር እጁ ሞላው፣ ሊቀመንበሩም ሳያነቡ ማኅተም መቱበት።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ በሙሉ ችግኝ ሊተክሉ ጎሕ ሲቀድ ወደ እንጦጦ ወጡ። እኔ ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የቀበሌው ዘበኛ ዱቤ ወረቀቶቹን ለሁለቱ ቤቶች አደለ። እንዲህ ይላል፦ «የሸሪፍ ነጅመዲን ወላጅ፣ በሁለት ወጣቶች ሞት ጉዳይ ስለሚፈለጉ ነገ እሑድ በሦስት ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ እንዲቀርቡ። ባይቀርቡ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል።» የአቶ ኤጀታም እንዲሁ ነው፤ የሚለየው የአስቴር ስም ብቻ ነው።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ወላጆች በእንዲህ ያለ ወረቀት ተጠርተው ምን እንዳዩ በሰፈራችን የማያስታውስ አልነበረም። ስለዚያ እዚህ አልጽፍም። ወረቀቱ ሲደርሳቸው ልጆቹ ቤት አልነበሩም፤ ይህን ማወቅ ይበቃል።

ሁለቱ አባቶች የተገናኙት በተዘጋው የቀበሌ በር ላይ ነው፣ ሁለቱም ያንኑ ወረቀት ይዘው። ዱቤን ቢጠይቁት «እኔ አድራሽ ነኝ» አላቸው። ከዚያ ወደ ልጆቹ መምህር፣ ወደ እኔ መጡ። በሬን ስከፍት ጋሽ ነጅመዲን በቤት ነጠላ ጫማ ቆመዋል፤ ሱቃቸውን ክፍቱን ትተው ነው የመጡት። አቶ ኤጀታ ያለ ኮፍያቸው ናቸው፤ ያለ ኮፍያ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«የሺሃረግ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አሉ አቶ ኤጀታ። «ማንበብ አቃተኝ።» ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

ተቀብዬ አነበብኩ። ቀና ስል ሁለቱም ከደጃፌ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ኤጀታ። «አባዬ አትላከኝ ብላ እግሬ ላይ ወድቃለች። እግዚአብሔር ተናግሮኛል አልኳት። እግዚአብሔር ምንም አልተናገረኝም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

«የእርስዎስ ይሻላል» አሉ ጋሽ ነጅመዲን። «እኔ ሐሙስ ዕለት፣ እሷን ከምታገባ ሬሳህን ያምጡልኝ አልኩት። ይኸው አመጡልኝ።»

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበብኩ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ወዲያው «በሕይወት አሉ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ወር ሙሉ ልሰማው የተመኘሁትን ቃል ሲናገሩ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ ለእነሱ ግን ረጅም ነበር። እስከ ዛሬ ያ ዝምታ ይቆጨኛል።

«ልጆቹ ደኅና ናቸው» አልኩ በመጨረሻ። «ተውኔት ነው። የሞቱት ፈረንጆች ናቸው፤ ከሞቱም ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።» ማብራራት ጀመርኩ፤ ሸንጎው፣ ነገሳ፣ ቅጹ። አንዳቸውም አላመኑኝም። በዚያ ዘመን ደኅና ናቸው መባል ማስረጃ አልነበረም።

«የት ናቸው?» አሉ ጋሽ ነጅመዲን።

«እንጦጦ፣ ችግኝ ተከላ።»

መልሴን ሳልጨርስ ተነሥተው ሄዱ።

ሦስታችን በባሕር ዛፉ መሐል በአቋራጩ ወጣን። የሰኔ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ጋሽ ነጅመዲን አንድ በአንድ እያስቆሙ «ልጄን አይተሻል?» ይላሉ፤ አንዷ «ልጅማ ተራራው ሙሉ ነው፣ የትኛውን?» አለቻቸው። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ነጠላ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ እየቀረ ያስቸግራል። አቶ ኤጀታ ክንዳቸውን ሰጧቸው። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ እከተላለሁ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም፤ መታየትም አይገባኝም ነበር።

አንድ ጉቶ ላይ ትንሽ አረፍን። ጋሽ ነጅመዲን ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «እሑድ እሑድ ከቤትዎ መዝሙር ሲጀመር» አሉ፣ «ራዲዮኔን ከፍ አደርጋለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ኤጀታ። «እንዳይሰሙት ነው።»

«እኔማ እሰማዋለሁ። ሌላ ሰው እንዳይሰማው ነው። ዘበኞች በዚያ መንገድ ያልፋሉ።»

«እኔ እኮ» አሉ አቶ ኤጀታ፣ «እነዚህን ዓመታት ሁሉ በዚያ ራዲዮ ሳዝንብዎት ነው የኖርኩት።» እንደገና ክንዳቸውን ዘረጉላቸውና ተነሡ። እኔ ዛፍ ተደግፌ አለቀስኩ። መርፌ ስታለቅስ ያያት ተማሪ ባለመኖሩ ደስ ይለኛል።

ልጆቹን ከላይኛው ተዳፋት ላይ አገኘናቸው። ሸሪፍ ይቆፍራል፣ አስቴር ችግኙን ይዛ ትጠብቃለች፤ ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። አባቱን ሲያይ አካፋው ከእጁ ወደቀ። አስቴር አንድ እርምጃ ተራምዳ ከሸሪፍ ፊት ቆመች። ያን ቀጭን ገላዋን ይዛ ማንን ልትከላከል እንደሆነ እንጃ።

ጋሽ ነጅመዲን በእሷ ትከሻ አሻግረው እጃቸውን ዘረጉና የልጃቸውን ፊት ዳበሱ። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጆሮውን።

«ሳትነግረኝ ለምን ከቤት ወጣህ?»

«ትናንት ነግሬሃለሁ እኮ አባ።»

«አልሰማሁህም» አሉ ጋሽ ነጅመዲን። «ምንም አልሰማሁህም።»

አቶ ኤጀታ ልጃቸውን አላቀፏትም፤ የዚያ ዓይነት ሰው አይደሉም። ከእጇ ችግኙን ተቀብለው ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙት፣ በርከክ ብለው አፈሩን በእጃቸው መለሱ። «ነቀምቴ ቀርቷል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሌላው ሌላ ነው፤ እኔና ጋሽ ነጅመዲን ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ነው። ነቀምቴ ግን ቀርቷል።» አስቴር ምን አደረግሽ በሚል ዐይን አየችኝ። እኔም ቶሎ ብዬ አንድ ችግኝ አነሣሁ።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞልቶ ሸንጎው ተካሄደ። ሸሪፍና አስቴር ሟቾቹን ሆነው ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ተማሪዎቼ ጥሩ ተከራከሩ። ጓድ ሠረቀብርሃን «ለሁለቱ ወጣቶች ሞት ኃላፊው ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሕዝቡም «ፊውዳሊዝም» ብሎ አጨበጨበ። ከዚያ ለወጉ ያህል «ሌላ አስተያየት ያለው?» አሉ። እንዲህ ሲባል እጁን የሚያወጣ ሰው እስከዚያ ዕለት ድረስ አይተን አናውቅም።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ነጅመዲን ተነሥተው።

«እኔም አለሁበት» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት አቶ ኤጀታ።

ሊቀመንበሩ ግራ ገብቷቸው «እናንተ እኮ በተውኔቱ ውስጥ የላችሁም» አሉ። እኔም ተነሣሁና «አሮጊቷ እኔ ነኝ» አልኩ። ነገሳ ከመዝገቡ ላይ ቀና ብሎ ሦስታችንን አየን፤ ብዕሩን አስቀመጠና «ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። ሊቀመንበሩ ማኅተማቸውን ወደ መሳቢያው መለሱና ተቀመጡ። ድርሻቸውን ሳይወስዱ እሳቸው ብቻ ቀሩ።

ሁለቱ አባቶች ተነጋግረው ለመጨረስ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው፤ በመሐል ብዙ ኩርፊያ፣ ብዙ ሽማግሌ ነበረ። ልጆቹ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሲፈራረሙ ከምስክሮቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ቀበሌው ሲፈርስ ነገሳ የዚያን እሑድ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ለመታሰቢያ ሰጠኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ያው የሚያምረው ጽሑፍ፣ ያው ማኅተም፦

«ተራ ቁጥር 4። በሁለት ወጣቶች ሞት ጉዳይ፦ አራት ሰዎች ኃላፊነቱን በፈቃዳቸው ወስደዋል። ፊውዳሊዝም በሌለበት ተፈርዶበታል። ሟቾቹ በስብሰባው ላይ ስለተገኙ የወሩ ስኳራቸው እንዲሰጣቸው ተወስኗል።»