የወረቀት አበባ የተሰፋበት ካፖርት

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች ዳፍኒ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ፎቶግራፍ በጣቷ እየነካች።

ኖሪን ወደ አፏ ያስጠጋችውን የሻይ ስኒ መልሳ አስቀመጠች። ጣቷ ያረፈባት ሴት ዳፍኒ አልነበረችም። ራሷ ኖሪን ነበረች።

በሃክሊ ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል አሥር ያህል አዛውንት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የሰፈሩን የድሮ ኑሮና ሥራ የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ ሊከፈት ስለሆነ፣ ወጣቷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኒሻ በየሐሙሱ ከሰዓት ትዝታቸውን ትቀዳለች። የዛሬው ወግ ኖሪንና ዳፍኒ በወጣትነታቸው ስለሠሩበት ብስኩት ፋብሪካ ነው። ኖሪን ይህን ሐሙስ ስትጠብቅ ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ጸጉሯንም ተሠርታለች። ቦርሳዋ ውስጥ፣ በፖስታ የያዘችው ፎቶ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው በተነሣበት ቀን የተነሣ ነው፤ ያደረገችው ባርኔጣ ወደ ኋላ ተገፍቶ ፊቷ ፍንትው ብሎ ይታያል። ኒሻ ከአንዲት ሟች አልበም አግኝታ በትልቁ ያሳተመችው ፎቶ ግን ባርኔጣው ወደ ፊት ስለወረደ የባለ ባርኔጣዋን ፊት አያሳይም። ጋሪ ላይ የተቀመጠች፣ ከአንገት እስከ እግር አበባ የለበሰች ሴት አለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ነጭ የሥራ ሻሽ ያሰረች ልጅ አቀርቅራ ጋሪውን ትገፋለች። የምትገፋዋ ዳፍኒ ናት።

ዳፍኒ ቀደመቻት። መቼ ሳትቀድማት ቀርታ ታውቃለች! ፊት ለፊት ባሉ ቤቶች ሲያድጉ ብስክሌት ቀድሞ የተገዛላት ለዳፍኒ ነው። ከማሸጊያው ክፍል ወደ ቢሮ ቀድማ ያደገችው ዳፍኒ ናት። ዛሬም ልጇ ሎሬይን በመኪና አምጥታ፣ ካፖርቷን አውልቃላት፣ አጠገቧ ተቀምጣለች። የኖሪን ልጅ አውስትራሊያ ነው፤ ለገና ይደውላል። ኖሪን የመጣችው በአውቶቡስ ነው፤ ያውም ቆማ።

«ምን ለብሰው ነው?» አለች ኒሻ። «የአበባ ሱቅ እኮ ነው የሚመስሉት!»

«ካፖርቴ ነዋ!» አለች ዳፍኒ። «ሰርግሽ ሊደርስ ሲል፣ በመጨረሻው ዓርብ፣ የክፍሉ ልጆች ካፖርትሽን ይሰርቁና የወረቀት አበባ ይሰፉበታል። ወረቀቱን ለገና ከሚታሸጉት የብስኩት ቆርቆሮዎች ነበር የምንቆነጥረው። አለቃው ያየናል፤ ግን ዞር ብሎ ያፏጫል። ከዚያ በብስኩት ጋሪ ላይ ጭነው እየዘፈኑ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ! እንደለበስሽው ነው ቤትሽ የምትገቢው።»

«አውቶቡሱ ውስጥስ?»

«ትኬት ቆራጩ ሳመኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ትኬት ቆራጩ የሳመው ኖሪንን ነበር፤ ቤት ስትገባ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ የደረሰውም የእሷ አባት ነው። ሰኞ ጠዋት ይህን ሁሉ ለዳፍኒ ያጫወተቻት ራሷ ናት። አሁን ፎቶዋን ብቻ ሳይሆን መሳሟንም ወሰደችባት!

«የትኛው ትኬት ቆራጭ?» አለች ኖሪን።

«አንቺ ደግሞ! ከስድሳ ዓመት በኋላ ስሙን ልንገርሽ?» አለች ዳፍኒ፣ ወደሷ ሳትዞር።

«አይ፣ ትዝታሽ እንዲህ ጥሩ መሆኑን ስላላወቅሁ ነው።»

«ቀናች፣ ቀናች!» አለ የፋብሪካው የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ክሊፍ። «አይዞሽ ኖሪን፣ አንቺን እኔ እስምሻለሁ።»

«አንተ መጀመሪያ ጥርስህን አስገባ።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ኖሪን በዚያ መሐል እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ሰደደች። ፖስታውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ብታኖረው ነገሩ ያበቃል። የቀረውንም ታውቀዋለች። ዳፍኒ በታኅሣሥ፣ በማክሰኞ ቀን፣ ለማንም ሳትናገር በማዘጋጃ ቤት አገባች። ረቡዕ ቀለበት አጥልቃ ሥራ ገባች። ልጆቹ ሆዷን እያዩ ተንሾካሾኩ እንጂ አንዲት አበባ የሰፋላት የለም። ኖሪንም አልሰፋችላትም። እንዲያውም ያን ቀን፣ በዚህ እንኳ በለጥኳት ብላ ደስ ብሏት ነበር።

«እማዬ፣» አለች ሎሬይን መነጽሯን አስተካክላ ፎቶው ላይ እያጎነበሰች፣ «የሰርግሽ ፎቶ ሁሉ ቤት ስንቀይር ጠፋ አላልሽኝም? እኔ እኮ አንድም አይቼ አላውቅም።»

«ጠፍቶ ነዋ፣ ልጄ።»

«ስታምሪ! አክስት ኖሪን፣ እዩዋትማ! አባቴ እንዲህ ሆነሽ አይቶሻል?»

«አይቶኛል» አለች ዳፍኒ። ድምፅዋ ቀጠነ። ከተቀመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኖሪንን አየቻት፤ ከዚያም ቦርሳው ውስጥ ያለውን እጅ አየች። ዱላ እንደተሰነዘረበት ሰው ትከሻዋ ኩምትር አለ።

ኖሪን ጣቷ ፖስታው ላይ እንዳለ ቆየች። ዳፍኒ የምትመኘው ነገር በእኔ እጅ አለ ብላ በዕድሜዋ አስባ አታውቅም። ዳፍኒ ግን ወረቀቱን፣ ዘፈኑን፣ የሰው መሳም እንኳ ሳይቀር ስድሳ ዓመት አስቀምጣዋለች። ደስ አላት። ጥሩ ደስታ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ኒሻ እርሳሷን አነሣች። «እንግዲህ ከሥሩ ስም ልጻፍ። ኖሪን፣ እርስዎም እዚያው ክፍል ነበሩ አይደል? እሳቸው ናቸው?»

ኖሪን ከቦርሳዋ መነጽሯን ብቻ አወጣች። አጥልቃም ፎቶውን ትክ ብላ አየችው።

«እሷ ናት» አለች ኖሪን። «ጋሪውን የምትገፋዋ ግን እኔ ነኝ። ስሜን ጎላ አድርገሽ ጻፊው፤ ይቺን ሴትዮ መግፋት ቀላል እንዳይመስልሽ።»