ክራርና ከል

ኣንዶም በክራሩ ጅማቶች መሀል የተሸጎጠውን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበው። የጠመኔ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

"ይሄ ምንድን ነው መምህር?"

"የሰሌዳ መጥረጊያ ነው" አለ ይበልጣል።

"እሱንስ አየሁት። እዚህ ምን ይሠራል?"

"ድምፁን ያፍናል።"

ኣንዶም መቀሌ፣ ሓወልቲ ሰፈር ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ክራር የሚያስተምር ወጣት ነው። ይበልጣል ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቃላሚኖ አካባቢ ፊዚክስ ያስተምራል። ስምንት ወር ሙሉ በየሐሙሱ እየመጣ በኣንዶም ክራር ሲማር ጣቱ ቦታውን ስቶ አያውቅም። የሚደረድረው ነገር ግን በድን ነው። ኣንዶም ነገሩ ግራ ቢገባው ነው ዛሬ ቤት የሚለማመድበትን ክራር ይዞ እንዲመጣ ያዘዘው።

"ስምንት ወር የተለማመዱት በዚህ ነው?"

"ጣቴ ለምዷል።"

"ጣትዎ ለምዷል። ጆሮዎ ግን አንድ ቀንም አልመጣም።" ኣንዶም ጅማቶቹን በአውራ ጣቱ ገረፋቸው። "ሦስቱ ከቅኝታቸው ወርደዋል። አይታወቅዎትም?"

"አይታወቀኝም።"

"ፊዚክስ አይደል የሚያስተምሩት? ድምፅ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው?"

"አራተኛው።" ይበልጣል አልሳቀም። "ሀዘን ላይ ነን። እሁድ ባለቤቴ ከል ታወልቃለች። ከዚያ በኋላ ያለ ጨርቅ እጫወታለሁ።"

ኣንዶም ጨርቁን አጣጥፎ የራሱ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"በሚቀጥለው ሐሙስ ሰምተው ይምጡ። ካልሆነ ይቅርብዎት። እኔ የጣት ስፖርት አላስተምርም።"

ይበልጣል ክራሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ባጃጅ ያዘ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መቀሌ ከመጣ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ። አንድ ልጁ ሓየሎም በሃያ ሁለት ዓመቱ ወደ ጦርነቱ ሄደ፤ መርዶው ከመጣ እሁድ ዓመት ይሞላዋል። ክራር ለምን እንደጀመረ ለጠየቀው መልስ የለውም። ሓየሎም ክራር አይጫወትም ነበር፤ የሚወደው ኳስ ነበር። ይበልጣል ከመርዶው በኋላ ማታ ማታ እጆቹን የሚያደርግበት አጣ፤ ይኸው ነው።

ከል ባለበት ቤት ዜማ አይሰማም። ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ነጭ ነጠላ ይዞ ይመጣል፣ ጥቁሩን ያስወልቃል፤ ከመጡት መሀል ትልቁ ሰው ሬዲዮኑን ይከፍታል። ልጃቸው ሲሄድ ማንም ያላማከራቸው ሰዎች፣ ሀዘናቸው የሚያልቅበት ቀን ግን ተቆርጦላቸዋል። ይበልጣል ይህንን በንዴት ያሰበው የመጀመሪያዎቹን ወራት ነበር። አሁን ቀኑን ይጠብቃል እንጂ አይናደድም።

ቤት ሲደርስ የሚስቱ ታላቅ እህት ኣምለሰት ሳሎን ቆማ ወንበር ትቆጥራለች። ሚስቱ ፍሬወይኒ ዓይደር ካለ ክሊኒክ፣ ከካርድ ክፍል ሥራዋ ተመልሳ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። የወንበሩ ነገር የሚመለከታት አትመስልም።

"ይበልጣል ሓወይ፣ ስዋው ደርሷል" አለች ኣምለሰት፤ ጠላውን ማለቷ ነው። "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚመጣው። ሬዲዮኑን የሚከፍቱት ቀሺ ገብረዝጊ ናቸው። ባትሪ አለው?"

"በመብራት ነው የሚሠራው።"

"እንግዲህ መብራት እንዳይጠፋ ጸልይ።" ዓይኗ ከረጢቱ ላይ አረፈ። "ይሄን ደግሞ እስከ እሁድ ደብቀው። እናት ጥቁር ለብሳ አባት ክራር ተሸክሞ ሲዞር ሰው ምን ይላል? ከእሁድ በኋላ እንደ ፈለግህ ግረፈው።"

እሷ ስትወጣ ፍሬወይኒ ጫማዋን አወለቀች።

"እሁድ ከሉን አላወልቅም" አለች።

"ለእሷ ነግረሻታል?"

"ሦስት ጊዜ። እሷ ወንበር ትቆጥራለች።"

"እስከ መቼ ነው?"

"አላውቅም። ሌላው ሁሉ ደንዝዞብኛል፣ ይበልጣል። እህል ስበላ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ይሄን ግን ጠዋት ስለብስ ምን እንደለበስኩ አውቃለሁ።"

ይበልጣል አጠገቧ ተቀመጠ። "ለእኔ ብለሽ" የምትል አንዲት ቃል በእጁ እንዳለች ያውቃል። በትዳራቸው ዘመን ይህችን ቃል ያወጣት ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንድም ቀን እንቢ አላለችውም። አሁንም ቢላት ታወልቃለች። ሬዲዮኑ ይከፈታል፣ ሐሙስ ኣንዶም ጋ ሰምቶ ይሄዳል። ቃሏ አፉ ውስጥ ነበረች።

"ማታ ማታ ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር የምታንኳኳው እሱን ነው አይደል?" አለችው ወደ ከረጢቱ እያየች።

"ትሰሚኝ ነበር?"

"መጀመሪያ የጎረቤት ዶሮ ካርቶን የምትጭር መስሎኝ ነበር። ልከለክላት ወጣሁ። ዶሮዋ አንተ ሆነህ ተገኘህ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበልህ? ተንበርክከህ ነበር። የምትጸልይ ነው የምትመስለው።" ሻሿን አጠበቀች። "ግን ያስጠላል። ያ ዱብ ዱብ ማለቱ። ወይ ተጫወተው ወይ ተወው።"

"ከል ባለበት ቤት?"

"ከሉ የእኔ ነው። አንተን ምን አገባህ?"

ይበልጣል "ለእኔ ብለሽ" የምትለውን ቃል ዋጣት። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ኣምለሰት ጋ ደወለ። ገና ታክሲ እየጠበቀች ነበር።

"እሁድ ፍሬወይኒ አታወልቅም።"

"ኣንታ ይበልጣል፣ እሷን ተዋት። አንተ ጠበቅ ብለህ ብትነግራት..."

"አልነግራትም።"

"ስዋው ተጠምቋል። ሰው ተጠርቷል። ቀሺ ገብረዝጊን ምን ልላቸው ነው?"

"ሊጠይቁን ከሆነ ይምጡ፤ ስዋውን አብረን እንጠጣለን። ነጠላውን ግን ይዘሽ እንዳትመጪ።"

"ሬዲዮኑስ?"

"ዝግ ነው።"

"ክራርህስ?"

"እሱ ይሰማል። በር ላይ ሰምታችሁ እንዳትመለሱ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ።"

ኣምለሰት በትግርኛ አንድ ነገር አጉረመረመች። ለእሱ ይሁን ለታክሲው ረዳት አልለየም። ስልኩ ተዘጋ።

ኣምለሰት ከደረደረቻቸው ወንበሮች አንዱን ስቦ፣ ክራሩን ከከረጢቱ አውጥቶ ሳሎኑ መሀል ተቀመጠ። ፍሬወይኒ አልተነሣችም፤ ወደ እሱም አልዞረችም። የመጀመሪያውን ጅማት መታው። ድምፁ ከገመተው በላይ ትልቅ ነበር፤ ልክ ይሁን አይሁን ግን አላወቀም። እንደገና መታው።