የችፑድ ደጀ ሰላም

ቀናው ከጠዋት ጀምሮ ደሙ ፈልቷል። አቃቂ በሰቃ ያለው የቴሌቪዥን ድራማ ስቱዲዮ ድሮ የክር መጋዘን ነበር። ከጓሮው ለቀረጻ የሚሆን ሙሉ ሰፈር በችፑድ ጣውላ ያቆመው እሱ ነው፤ ጠጅ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም። ስንት ድራማ ተቀረጸበት፣ ስንት ሙሽራ ተዳረበት። አሁን ቦታው ለፋብሪካ ተሰጥቶ፣ ጓሮው ዛሬውኑ ይጽዳ ተብሏል።

ጠጅ ቤቱና ፖሊስ ጣቢያው እስከ ረፋድ ፈረሱ። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርሱ ግን የቀን ሠራተኞቹ መዶሻቸውን መሬት አስቀምጠው ቆሙ።

«ጋሼ፣ እኛስ እጃችንን አናነሳበትም» አለ ጂራታ፣ ከመሃላቸው ጠና ያለው።

«ታቦት የለውም እኮ። ከጀርባው ጄኔሬተር ነው ያለው። የቀባሁት እኔ፣ ምስማሩን የመታሁት እኔ።»

«እማማ ጠጄ ባጥሩ ቀዳዳ በየቀኑ ይሳለሙታል።»

ቀናውን ያንገበገበው ይኸው ነው። ለጎረቤቲቱ ለእማማ ጠጄ፣ የድራማ ነው፣ ውሸት ነው እያለ ምላሱ እስኪዝል ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን «እንጨቱን መሰለህ የምሳለመው?» ብለውት ያልፋሉ።

«በሉ ዞር በሉልኝ» አለና አንዱን መዶሻ አንስቶ፣ እየተራገመ ወደ በሩ ገሰገሰ። እደጁ ሲደርስ መዶሻውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ቀኝ እጁ ሳያዘው ግንባሩ ላይ ወጣ፤ አማተበ።

ምን እንዳደረገ የገባው ከጨረሰ በኋላ ነው። ከኋላው ሳቅ ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። ከሁሉ ያናደደው ይሄ ነበር።