ሰባት ቀን የማይታይ እግር

ቀራንዮ ሰፈር ውስጥ ቁስል የግል ንብረት አይደለም። የጡረተኛው ሹፌር የተክለሃይማኖት ግራ እግር በስኳር በሽታ ቆስሎ ዓመት ከመንፈቅ አልድን ሲል፣ ሊጠይቀው የመጣ ጎረቤት ሁሉ ብርቱካኑን አስቀምጦ «እስኪ ልየው» ይላል። እሱም ሱሪውን ለመሰብሰብ ሁለት ጊዜ አይለመንም። አይቶ ዝም የሚል ደግሞ የለም፤ አንዱ ማር፣ ሌላው ፌጦ አዝዞ ይሄዳል። ተሻለች የምትባለው ሚስቱ፣ እዚያ እግር ላይ ያልተቀባ ነገር ቢኖር የግድግዳ ቀለም ብቻ ነው ትላለች።

ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያገኟት ወጣት ሐኪም ዶክተር ራዕይ ግን ነገሩን አልሸፋፈነችም። የቀረው ሕክምና ካልያዘ እግሩ መቆረጡ አይቀርም። ሕክምናው የራሱ ቆዳ ነው፦ ከጭኑ ላይ ቴምብር የምታህል ቆዳ ይነሳል፣ ሕዋሶቹ ተለያይተው በፈሳሽ ይበጠበጣሉ፣ ከዚያ ቁስሉ ላይ ተረጭተው እዚያው ይራባሉ።

«የኔማ ያረጀ ነው፤ ከእሷ ውሰዱ» አለ ተክለሃይማኖት ወደ ሚስቱ እየጠቆመ።

«አይሆንም አባባ፤ ሰውነትዎ የሌላ ሰው ቆዳ አይቀበልም።»

«አርባ ዓመት ያለኝን ሁሉ ሲቀበል ኖሮ ዛሬ ቆዳዬን ጠላ?» አለች ተሻለች።

ተረጨ፣ ታሸገ። ትእዛዙ አንድ ነበር፦ ሰባት ቀን እንዳይከፈት። አዲሱ ቆዳ ስስ ስለሆነ ፋሻው ከተነሳ አብሮ ይነሳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሻለች ዘበኛ ሆነች። የእድራቸው ሰብሳቢ ዋጋነሽ ፓፓያ ይዛ መጣችና ገና ሳትቀመጥ «እስኪ ልየው» አለች።

«አይታይም።»

«ምነው፣ ሙሽራ ነው እንዴ?»

«አዎ ሙሽራ ነው። ሰባት ቀን አይወጣም።»

ዋጋነሽ ፓፓያዋን ይዛ ልትመለስ ምንም አልቀራት። ተሻለች ባሏንም አልማረችውም፤ እጁ ወደ እግሩ በሄደ ቁጥር «እጅህን!» ትለዋለች።

በስድስተኛው ቀን፣ ተክለሃይማኖት ምሳውን በልቶ ሲያንኮራፋ፣ ተሻለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፋሻውን ትኩር ብላ አየች። ጠቁሮ ቢሆንስ? ነገ ሐኪሟ «አልያዘም» ብትለው እንዴት ይችለዋል? በሩን ቆለፈች፣ እጇን ታጠበች፣ የፋሻውን አንድ ጥግ ቀስ ብላ አነሳች። ከእርጥበት በቀር ምንም አልታያትም። ቶሎ መልሳ ለጠፈችው፤ ፍርሃቷ ግን ባሰባት።

በማግስቱ ዶክተር ራዕይ ፋሻውን ስታይ ፊቷ ተኮሳተረ። «ይሄ ተከፍቷል።»

ተሻለች ጣቷን ወደ ፋሻው ጥግ ቀሰረች። «እኔ ነኝ፤ በዚህ በኩል፣ አንድ ጥግ ብቻ።»

«እዚያኛውስ?» አለች ሐኪሟ ሌላኛውን ጫፍ እያሳየች።

ተሻለች ወደ ባሏ ዞረች። ተክለሃይማኖት ጣሪያውን በጥሞና ይመረምራል።

ሐኪሟ ዕድሜያቸውን ሳትፈራ ሁለቱንም እኩል ተቆጣች። ከዚያ ፋሻውን አንስታ ረጅም ጊዜ አየች። መሃሉ ላይ ቀላ ያለ ስስ ቆዳ ተዘርግቷል።

«ጥጎቹ ተነስተዋል፣ እንደገና ይረጫሉ። የቀረው ግን ይዟል። እግርዎ ይተርፋል፣ አባባ።»

ተሻለች እፎይ ስትል ንዴቷም አብሮ መጣ። «አንተ ሰውዬ! እንደዚያ ስጠብቅህ መቼ ነው የከፈትከው?»

«ቤተ ክርስቲያን የሄድሽ ጊዜ።»

«ምን አንቀዠቀዠህ?»

«ክፉ ከሆነ ቀድሜ ልወቀው ብዬ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ከሐኪም አፍ ከምትሰሚው፣ እኔው ቀስ አድርጌ ልነግርሽ ብዬ።»

ተሻለች ልትሳደብ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። «እኔም» ልትል ፈልጋ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።