ለገና የተገዛ ጽጌረዳ

አማረ ለሚስቱ አበባ ገዝቶላት አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ለየዓመት በዓሉ ነጠላ፣ ሻሽ፣ አንድ ጊዜም ሹራብ ገዝቶላታል። ባንቺዓለም አመስግና ትቀበልና አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ባለፈው ፋሲካ ሳጥኑ አልዘጋ ብሎ ሁለቱም ክዳኑ ላይ ተቀምጠው ነው የዘጉት።

ተለያይተው መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እሱ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ሒሳብ ያስተምራል፤ እሷ ንፋስ መውጫ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ልጃቸው ጽዮን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የእሱ ደመወዝ ብቻውን አልበቃ አለ፤ ባንቺዓለምም ሥራ ወዳገኘችበት ሄደች። አማረ መንገዱ ሰላም ከሆነና መኪና ከተገኘ በወር አንድ ጊዜ ይሄዳል። ሲመሽ ይደርሳል፣ እራት ይበላሉ፣ ስለ ጽዮን ትንሽ ያወራሉ፣ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነው።

የዘንድሮው ገና ሲቃረብ በስልክ፣ "ምን ላምጣልሽ?" አላት።

"ሳጥን ውስጥ የማይገባ ነገር" አለችው። ትሳቅ ትተንፍስ አልለየውም።

ነገሩን ለሀና አጫወታት። ሀና በትምህርት ቤቱ አዲስ የመጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት።

"አበባ ነዋ ጋሼ!" አለችው። "ተቆርጦ የታሰረውን ግን እንዳይገዙ፣ በሦስት ቀኑ ይጠወልጋል። ከነሥሩ ይውሰዱላት። ሰርፕራይዝ ያድርጓት።"

የገና ዋዜማ ማለዳ ተሳፈረ። ሚኒባሱ በበግና በዶሮ ተጨናንቆ ነበርና ንፋስ መውጫ ሲደርስ ወገቡ አልቀና አለው። ባጃጅ ይዞ አበባ የሚሸጥበት እንዲያደርሰው ጠየቀ። ሹፌሩ ከከተማው ጫፍ፣ እትዬ ወለተ ሚካኤል ግቢ አወረደው። እትዬ ወለተ ሚካኤል በችግኝ ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ በዘይት ቆርቆሮና በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ አበባ በሣር ጥላ ሥር ተደርድሯል።

አማረ ዓይኑ ያረፈው ደም በመሰለ አንድ ቀይ አበባ ላይ ነው።

"እሱማ ያምራል" አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል። "ዛሬ ውርጭ ካገኘው ግን ነገ የተቀቀለ ጎመን ነው የሚመስለው። ለማን ነው?"

"ለባለቤቴ።"

"ደግ። ቤታችሁ ፀሐይ በየት በኩል ይገባዋል?"

አማረ ያንን ቤት በቀን ብርሃን አይቶት አያውቅም።

"እኔንጃ እትዬ።"

"ውሃ የሚያጠጣውስ?"

"እሷ ናት።"

"ጊዜ አላት?"

ይህንንም አላወቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ደውሎ ደኅና ዋልሽ ሲላት፣ በስንት ሰዓት ገብታ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ጠይቋት አያውቅም። እትዬ ወለተ ሚካኤል ፊቱን አዩና በርጩማ ሳቡለት።

"ተቀመጥ ልጄ። እኔ ልምረጥልህ።"

ዞር ዞር ብለው አንድ ጽጌረዳ አመጡ። ግንዱ ጎርበጥ ያለ ነው፤ ሁለት እንቡጥና አንድ ገና በመፈንዳት ላይ ያለ ሐምራዊ አበባ አለው።

"ለዓይን ብዙም አይደለም። ነገር ግን የዚህን አገር ንፋስ ያውቀዋል። ቅጠሉ ቢረግፍ እንኳ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።"

ቆርቆሮውን አቅፎ ባንቺዓለም ቤት ደረሰ። እሷ ከሥራ አልተመለሰችም። በያዘው ቁልፍ ከፈተና ጽጌረዳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ነቃ። ባንቺዓለም ከነጋውኗ፣ ጋቢ ደርባ ገባች። ተረኛ ሆና አድራ፣ የምትተካት ሳትመጣ ቀርታ ስትሠራ ውላለች። ጽጌረዳውን አየችው፤ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ለገና ነው" አላት።

እንቡጡን በጣቷ ነካ አደረገችው። "ያምራል።" ቆይታ፣ "ውሃ በስንት ቀን ነው የሚፈልገው?" አለች።

"በሁለት ቀን አንዴ። ጠዋት ፀሐይ ማውጣት፣ ማታ ውርጭ እንዳይመታው ማስገባት።"

ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አማረ፣ አትቀየመኝ። የሰው ነፍስ ስጠብቅ ውዬ ስጠብቅ አድራለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ እኔን የሚጠብቅ ነገር አልችልም። አበባም ቢሆን።"

አማረ ደሙ ፈላ። ከማለዳ ጀምሮ የለፋው ለዚህ ነው? መልስ ሊሰጣት ሲል እግሯን አየው። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ከጫማው በላይ ተርፏል። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ይፈታላት ጀመር።

"እኔም ጅል ነኝ" አላት። "ፀሐይ በየት ይገባል ብትለኝ አበባ ሻጯ ሴትዮ፣ አላውቅም አልኳት።"

"በየትም አይገባም" አለች ባንቺዓለም። "የጎረቤት ፎቅ ጋርዶታል።" በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ።

"እኔ ይዤው ልመለስ" አለ አማረ። "አርብ ገበያ ታች ስለሆነ ውርጩ እንዲህ አይበረታም። ደጄ ላይ እተክለዋለሁ። አንቺ ፈቃድ ጠይቂና ነይ። እኔ እየመጣሁ እንቅልፍሽን ከምሻማሽ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አንቺ ነይ።"

"ፈቃድ ይሰጡኛል ብለህ ነው?"

"ጠይቂያቸው።"

ጠየቀች። ሁለት ጊዜ እምቢ አሏት። በሦስተኛው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አራት ቀን ፈቀዱላት። በዚያ መካከል ጽጌረዳው በመንገድ አንዱ እንቡጥ ተቀንጥሶበት አርብ ገበያ ደርሶ፣ አማረ ደጅ አፈር ይዟል።

ባንቺዓለም ሰኞ ማታ ደረሰች። በማግስቱ አማረ አስተምሮ ሲመለስ፣ ጠዋት የተወላት ቁርስ እንደተከደነ ነው። ሀና ልትጠይቃት መጥታ በሩ ላይ አገኛት።

"ነገ ነይ ሀናዬ፣ ተኝታለች" አላት በሹክሹክታ።

የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ያርም ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከውስጥ ድምፅ ሰማ።

"አማረ፣ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ማክሰኞ።"

"ገና እስከ ሐሙስ አለሁ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ጋቢዋን ተከናነበች።