ወፍጮ ቤቱን ያቃጠለው ማነው?

የከተማችን ታሪክ ጸሐፊ ያለ ማስረጃ አንዲት ቃል ስለማይወጣው «ጋሽ ማስረጃ» ይባላል። የልብ ወዳጁ ደግሞ ልብ ወለድ ደራሲ ነውና «ጋሽ ፈጠራ» ነው። ጋሽ ማስረጃ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስለ አሮጌ ቤቶችና ድልድዮች ሲናገር የሚመጣው ሰው ጥቂት፣ የሚጠይቅ ደግሞ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ጋሽ ፈጠራ ከኋላ ይቀመጥና አስቀድሞ የተነገረውን ጥያቄ እንደማያውቀው ሰው ሆኖ ይጠይቃል። ጋሽ ማስረጃም «እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው!» ብሎ ይገረምና የተዘጋጀበትን መልስ ያንበለብለዋል።

እንዲህ ተጋግዘው ሲኖሩ፣ ጋሽ ማስረጃ የወዳጁን አዲስ ልብ ወለድ አንብቦ ጨረሰ።

«እንዴት አገኘኸው?» አለ ጋሽ ፈጠራ፣ ምስጋና ለመቀበል ተመቻችቶ።

«ጥሩ ነው። ዋናው ባለታሪክ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ቢሞት ግን ብዙ ወረቀት ይተርፍ ነበር።»

ጋሽ ፈጠራ ሳቀ። ነገሩን ግን በሆዱ ያዘው።

በሚቀጥለው ንግግር ጋሽ ማስረጃ፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት በመብረቅ እንደተቃጠለ ተርኮ ሲያበቃ ወዳጁን በዓይኑ ጠቀሰው። ጋሽ ፈጠራ ተነሳ።

«መብረቁን ማን አየው?»

የተነጋገሩት ይህን አልነበረም። ጋሽ ማስረጃ ወረቀቶቹን ያገላብጥ ጀመር።

«እውነትም፣ ማን አየው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ባለቤቱ ራሱ ነው ያቃጠለው ሲባል ሰምቻለሁ» አለች አንዲት ሴት። አዳራሹ ተንጫጫ፤ ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ።

ደጅ እንደወጡ ጋሽ ማስረጃ ጮኸ፤ «ጉድ ሠራኸኝ አይደል!»

«ሰው እንዲነቃልህ ብዬ እኮ ነው» አለ ጋሽ ፈጠራ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ጋሽ ማስረጃ አኮረፈ። ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሳው። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ልጅ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ አፈላልጎ አገኛቸው።

«ምን መብረቅ አመጣው?» አሉ እየሳቁ። «እናቴ አኩርፋው፣ እዚያው ወፍጮ ቤቱ እራቴን ልሥራ ብሎ ነው አባቴ ቤቱን ያነደደው!»

ጋሽ ማስረጃ ኩርፊያውን ረስቶ ወደ ወዳጁ ቤት ከነፈ። ጋሽ ፈጠራ እንደሰማ ብድግ አለ።

«ይህቺን ለኔ ተዋት! ልብ ወለድ ናት!»

«ንክች እንዳታደርጋት! ታሪክ ናት!»

መስማማት ሲያቅታቸው ተያይዘው መምህርቷ ዘንድ ሄዱ። እሳቸውም የሁለቱንም ክርክር በትዕግሥት ሰሙና፣ «እኔ ራሴ እጽፋታለሁ። እናንተ እርማቱን ትሠሩልኛላችሁ» አሏቸው።

ሁለቱ ደራሲዎች እንደ ተማሪ «እሺ» ብለው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ጋሽ ፈጠራ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያስለው፣ ጋሽ ማስረጃም መነጽሩን አውልቆ እንባውን እስኪጠርግ ሳቁ።